ትልቋ ማግኔት

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ትልቋ የለችም። ሣጥኑን ሦስት ጊዜ ከፈትሁት። ትንሿ አለች፣ መካከለኛዋ አለች፣ የትልቋ ቦታ ባዶ ነው። ክዳኑን መልሼ የመስታወት ቢከሮቹን ማጠቤን ቀጠልሁ። ለማንም አልተናገርሁም።

ዓርብ ያጠብሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ያጠፋኋት እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ስጽፈው የት እንደወደቀች ትዝ ይለኝ ይሆናል።

የምሠራበት የአፈር ላቦራቶሪ አዲስ መበጥበጫ ማሽን ሊገዛለት ነው። ገበሬዎች ከሩዝ ማሳቸውና ከሽንኩርት መደባቸው አፈር ያመጡልናል። እኔ እወቅጣለሁ፣ እነፋለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ። አፈሩ በውኃና በመድኃኒት ሲበጠበጥ አሸዋው፣ ደለሉና ሸክላው ይለያያል። የድሮው ማሽን ክረምት ላይ ተቃጠለ፤ ከዚያ ወዲህ በመስታወት ዘንግ በእጅ ነው የምናማስለው። ክንድ ይገድላል። አሁን ከበላይ መሥሪያ ቤት የሚሻላችሁን መርጣችሁ ጻፉ፣ የምንገዛው ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው ተባለ።

አቶ ይርጋ የማግኔቱን ይፈልጋሉ። የላቦራቶሪው ኃላፊ እሳቸው ናቸው። ለሙከራ ብለው አንድ በውሰት አስመጥተዋል። እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ጠፍጣፋ ነው፤ ቢከሩ ከላዩ ይቀመጣል። ቢከሩ ውስጥ የአደንጓሬ ፍሬ የመሰለች ነጭ ማግኔት ትገባለች። ማሽኑ ከሥር ሲዞር እሷም ማንም ሳይነካት ትዞራለች። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት አማትቤአለሁ። ድምፅ የለውም፣ ለማጠብ ቀላል ነው፣ የሚሰበር ነገር የለውም ይላሉ አቶ ይርጋ።

እትዬ መሠረት ባለ ዘንጉን ትፈልጋለች። ምርመራውን የምትሠራው ባለሙያ እሷ ናት። ባለ ዘንጉ ከላይ ወደ ታች የሚገባ፣ ጫፉ ላይ ክንፍ ያለው ብረት ነው። የፎገራን ዋልካ፣ ይህን የሚጣበቅ ጥቁር አፈር፣ ከላይ የሚያዝዘው ጉልበት ያስፈልጋል እንጂ አደንጓሬ አያማስለውም ትላለች። አቶ ይርጋ ይስቃሉ። ማሽኑ ማክሰኞ ሳምንት ይመለሳል። እስከዚያ ሞክረው መወሰን አለባቸው።

ማግኔቶቹ ሦስት ናቸው። ለወፍራሙ ጭቃ የምትሆነው ትልቋ ናት።

ዓርብ የሆነው ይኸውና። ሙከራው ሲያልቅ መጀመሪያ ማግኔቷን በማውጫው ዘንግ ስቦ ማውጣት፣ ቀጥሎ ጭቃውን ባልዲ ውስጥ መድፋት። እትዬ መሠረት ሁለት ጊዜ አሳይታኛለች። ቢከሩን አንሥቼ ሳለሁ አቶ ይርጋ በሩ ላይ ቆመው ከእሷ ጋር ያወራሉ። ባለቤታቸው የሸክላ ድስት ፈልገዋል፤ ቅዳሜ ገበያ የማን ሥራ ይሻላል ብለው ጠየቋት። ከዚያ ሳቅ አሉና፣ «ድስቱስ ባልከፋ፣ የሠሪዎቹን ዓይን ነው የምፈራው» አሉ።

ማግኔቷን ረሳሁ። ጭቃውን እንዳለ ገለበጥሁት።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። እዚህ ማንም አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ጠዋት እትዬ መሠረት ሣጥኑን ከፍታ ትንሽ ቆመች። አቶ ይርጋ ይዘዋት ይሆናል ብላ በመካከለኛዋ ሠራች። ማግኔቷ ትንሽ ዞረች፣ ከዚያ ጭቃው ሲከብዳት ወደ ጥግ ሸሽታ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ቢከሩን ጢቅ ጢቅ ጢቅ ታደርገዋለች። ጆሮዬ ውስጥ እስካሁን አለ።

በምሳ ሰዓት ከአጥሩ ጀርባ ቆሻሻ ጉድጓዱ ዘንድ ሄድሁ። በእንጨት ቆፈርሁ። የለችም።

ግን የዓርቡ ጭቃ ሁሉ ጉድጓድ አልገባም። ይህንንም ልጻፈው። ቀጭኑን ውኃ ከግቢው ቦይ ውስጥ ደፋሁት፤ ከታች የረጋውን በከረጢት አድርጌ ለእናቴ ወሰድሁት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ተርፎ የሚጣለውን አፈር እወስድላታለሁ። የተነፋ ነው፣ ሥር የለው፣ ጠጠር የለው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ አፈር መቆፈሪያው ሩቅ ነው። ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም። ከረጢቱን ከጎመን ሥር እደብቀዋለሁ።

ትናንት ቤት እንደገባሁ ጭቃውን በሁለት እጄ እስከ ታች ዳበስሁት። የለችም። ቦዩ ወስዷታል ማለት ነው። እናቴን አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ምን ጠፋብሽ ትለኛለች። ለጎረቤት ሁሉ ልጄ ነጭ ጋውን ትለብሳለች ብላ አውርታለች።

ምሳችንን ሦስታችን ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው። መጀመሪያ ስገባ እወንፊቱ ክፍል ብቻዬን ልበላ ስል እትዬ መሠረት እጄን ይዛ አምጥታ አስቀመጠችኝ። አቶ ይርጋም አንዳንዴ ያጎርሱኛል። በመጀመሪያው ሳምንት እናትሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ሽንኩርት ትነግዳለች አልሁ። ከአፌ ወጣ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ሆዷን ታመመች። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ትርንጎ አፍጥጣ ስታያት ነበር አሉ። እኔ ያየሁት የሒሳቡን መልስ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ብቻዬን ተቀምጬ ጨረስሁ፤ ዘጠነኛ ክፍል አልገባሁም።

ሽንኩርት የማንንም ሆድ አያሳምምም ብዬ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የዛሬውን መጻፍ አልፈልግም።

አቶ ይርጋ ሙከራውን ራሳቸው ሊያዩ ገቡ። መካከለኛዋ እንደ ትናንቱ ጥግ ይዛ ተንቀጠቀጠች። ትልቋን አምጪ አሏት። እትዬ መሠረት እርስዎ ዘንድ ያለች መስሎኝ አለች። የለችም አሉ። ዓርብ ነበረች አለች። ታዲያ እግር አላት ወይ አሉ። እየሳቁ ነበር የጀመሩት። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ዕቃው ሲመጣ ቆጥራ የፈረመችው እሷ ናት፤ ሲመለስም ጎደለ ተብሎ የሚጻፈው በእሷ ስም ነው።

እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ አንድ ቢከር አጥባለሁ። ያንኑ ቢከር።

ከዚያ አቶ ይርጋ ቀስ ብለው፣ «መቼም መጥፋቷ ላንቺ ምርጫ ነው የጠቀመው» አሏት።

እትዬ መሠረት ማሽኑን አጥፍታ፣ ጓንቷን አውልቃ፣ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የሚጣል ጓንት ነበር፤ ማንም አያጣጥፈውም።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። የውኃው ድምፅ ድምፄን እንዳይውጠው ብዬ ቧንቧውን ልዘጋ እጄን ላክሁ። ስዘጋው ሁለቱም ዞረው አዩኝ። መልሼ ከፈትሁት።

ምሳ ላይ ሁላችንም ከየጥጋችን ትንሽ ቆርሰን ተነሣን። ሽሮው ቀዘቀዘ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

እናቴ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ጠዋት ተመለሰች። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው፣ ጭሱ እስከ ሩዙ ማሳ ተኝቷል። የላቦራቶሪያችንም ዘበኛ፣ ጋሽ ደሴ፣ ከጉድጓዱ ዳር ያለውን ክምር ሊያቃጥሉ ክብሪት ይዘው ቆመዋል። ሮጥሁ። ትንሽ ይቆዩኝ አልኋቸው።

ክምሩን በእጄ በተንሁት። የተሰበረ ቢከር፣ ወረቀት፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የሽንኩርት ልጣጭ።

«ምን ጠፋሽ ልጄ?»

«ጉትቻ።»

«ወርቅ ነው?»

«አዎ።»

ክብሪቱን ኪሳቸው ከተው አጠገቤ ተንበረከኩ። ወገባቸውን ያማቸዋል። ሌላኛው ጆሮሽ ላይ የለም ወይ፣ ልየውና መልኩን አውቄ ልፈልግ አሉኝ። እቤት ነው አልሁ። አንዲት አንዲቷን ወረቀት እያነሡ አራግፈው ወደ ጎን ያደርጋሉ። አንድ ሽማግሌ ያልነበረ ጉትቻ ሲፈልጉ ረፈደ። ሲያጡ የሚካኤል ቀን የጠፋ ይገኛል አይዞሽ ብለውኝ እሳቱን ለኮሱ።

እስካሁን የዋሸሁት፦
እናቴ ሽንኩርት ነጋዴ ናት።
ወርቅ ጉትቻ አለኝ።
ዝም ያልሁት ይቆጠር አይቆጠር አላውቅም። ከተቆጠረ ብዙ ነው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ መሠረት መሳቢያዎቹን ሁሉ አውጥታ ጠራረገች። መስኮቶቹን ሁሉ አጠብሁላት፤ ሳትጠይቀኝ። ተባረኪ አለችኝ። ባትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሁለት ነገር ሆነ። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሥራ ስመለስ።

ጠዋት እትዬ መሠረት ወንፊቱ ክፍል ገባች። አፈር እየነፋሁ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ትልቋን ማግኔት አይተሻታል ወይ አለችኝ። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አላየኋትም አልሁ። እንግዲህ በኔ ይጻፋላ አለች። ልትወጣ ስትል ደግሞ፣ «አንቺንማ ጠርጥሬሽ አይደለም» አለችኝ።

ወንፊቱ ከእጄ ወደቀ። ነፍቼ የጨረስሁት አፈር ካልተነፋው ጋር ተደባለቀ። ሁሉንም እንደ አዲስ ነፋሁ።

ማታ ሳይሆን፣ ገና ፀሐይ ሳለ ነው ቤት የደረስሁት። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ቀሚሷን ትሰፋለች። ዓይኗ ደክሟል፤ መርፌ ሲወድቅባት ትርንጎ፣ ትርንጎ ነው ቀኑን ሙሉ። ሰሞኑን ግን አልጠራችኝም። ለምን እንዳልጠራችኝ አላሰብሁም። ዛሬ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳወልቅ ጉልበቷ አጠገብ አንድ ነጭ ነገር አየሁ። መርፌዎቿ ሁሉ እንደ ጃርት ቆመውበታል።

«እማ፣ ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ካመጣሽልኝ ጭቃ ነዋ። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ሳሽ እጄ ላይ መጣ። ጠጠር ነው ብዬ ልወረውረው ስል ከቢላዬ ጋር ተጣበቀ።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ለኔ ብለሽ የከተትሽው መስሎኝ ነበር። መርፌ ይሰበስባል ብለሽ።»

ሰኞ በዳበስሁት ጭቃ ውስጥ የሌለችው ቅዳሜ ስለወጣች ነው። ሰኞ ጠይቄያት ቢሆን ሰኞ ትሰጠኝ ነበር። አምስት ቀን ሙሉ እሷ በማግኔቷ ስትሰፋ እኔ ቆሻሻ ስበትን።

ነገርኋት። ሰው በኔ ምክንያት እንደተሰደበ ነገርኋት። ግድ የለም፣ ሰኞ ይዤ ሄጄ ቦዩ ዳር አገኘኋት እላለሁ አልኋት። ለምን ቦይ ዳር፣ የሚደፋ ጭቃ አይደለም ወይ፣ ለእናቴ ወሰድሁት በያቸዋ አለች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እናቴ ሞኝ አይደለችም።

«እኔን ምን ትሠራለች ብለሻቸዋል?»

«ሽንኩርት ትነግዳለች።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ሽንኩርትም ጥሩ ነው» አለች። «ወድቆ አይሰበርም።»

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ነቅላ ቀሚሷ ላይ ሰካቻቸው። ማግኔቷን በነጠላዋ ጠርጋ ሰጠችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ እንደ ድሮው ዓይነት አፈር ከሌለ የዓርቡን ዓይነት ጭቃ ሁለተኛ እንዳታመጪልኝ አለች። ምን እንዳጠጣችሁት እንጃ፣ አልቆም አለኝ፣ ሰክሯል፣ እንስራ ሳቆመው ቁጭ ይላል አለች። ልስቅ ነበር። አልቻልሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ገበያ። እንስራዎቹን በጀርባዬ አደረስሁላት። ወትሮ ካደረስሁ በኋላ ጨርቅ ሻጮቹ ዘንድ ሄጄ የማላውቃት ሰው መስዬ እቆማለሁ። ዛሬ ከትናንቱ በኋላ መሄድ አልቻልሁም። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

አራት ሰዓት ገደማ ከፊት ለፊታችን ካለው የሽንኩርት ተራ ድምፅዋን ሰማሁት። እትዬ መሠረት ዘንቢል ይዛ ከአንዷ ወደ አንዷ ትሄዳለች። «የትርንጎ እናት የትኛዋ ናት? ከእሷ ልግዛ ብዬ ነው» ትላለች። አይታወቁም ይሏታል። አንዲት ወፍራም ነጋዴ፣ «ትርንጎ እንኳ የለንም እመቤት፣ ሽንኩርት ግን አለ፣ የኛን ብትገዢ አይቆጭሽም» አለቻት፤ ተራው ሁሉ ሳቀ። እትዬ መሠረትም ሳቀች። ግን አልገዛችም፣ ፍለጋዋን ቀጠለች።

በኔ ምክንያት ተሰድባ፣ በኔ ምክንያት ተስቆባት፣ ለኔ እናት ገበያ ልታደርግላት ነው የመጣችው።

ጎንበስ አልሁ። ከትልቁ እንስራ ጀርባ ገባሁ። ፊቷ ወደኛ ሲዞር ራሴን ጉልበቴ ላይ ደፋሁ።

እናቴ አየችኝ። ያቺ ማን እንደሆነች አልጠየቀችኝም፤ ገብቷታል። ሁለተኛ ወደኔ አልዞረችም። እጇን ዘርግታ አንዱን እንስራ ወደኔ ገፋ አደረገችው፤ በደንብ እንዲሸፍነኝ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ቅዳሴ ቆምሁ። ሁሉም ሰው ወደኔ የሚያይ መሰለኝ፣ ማንም አላየኝም።

እናቴ መርፌዎቿን ግድግዳው ጭቃ ላይ ሰክታቸዋለች። ከሰዓት በኋላ አንዱ ወደቀባት። አልጠራችኝም፤ መሬቱን በመዳፏ እየዳበሰች ብቻዋን ፈለገችው። እኔ አነሣሁላት።

ማግኔቷን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ጫማዬ ውስጥ አድርጋታለች። ቦይ ዳር በይ አላለችኝም። ንገሪያቸውም አላለችኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ተናገርሁ።

እትዬ መሠረት ከሁላችን ቀድማ ነው የምትገባው። መንገዱን ሁሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳጠና ሄድሁ፦ ያን ዓርብ ማግኔቷን ሳላወጣ ጭቃውን ደፋሁት፣ ጭቃውን ለእናቴ ወሰድሁት፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ፊቷ ስቆም ከጅራቱ መጣ።

«እትዬ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት።»

ገና ጋውኗን እየለበሰች ነበር። «እና ማን ጠየቀሽ በጠዋት?» አለችኝ።

ጨርቁን ፈትቼ ማግኔቷን ጠረጴዛው ላይ አደረግኋት። የቀረውን ያን ጊዜ ነገርኋት። ድምፄ ይወጣ አይወጣ አላውቅም፤ ሁለት ጊዜ ጮክ በይ ብላኛለች። ስጨርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቅዳሜ የሽንኩርት ተራውን ሁለት ጊዜ ነው የዞርሁት» አለች።

አየሁሽ አልኋት። ይህን ባልናገር ይሻል ነበር መሰለኝ። ፊቷ ተለወጠ።

«እናትሽ የፈለገችውን ትሥራ። አንቺ ግን ቆመሽ እያየሽ አሰደብሽኝ።»

እውነት ነው። ለአቶ ይርጋ እኔ አልነግርልሽም፣ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ አለችኝ።

እሳቸው ሲገቡ ቢሯቸው ገባሁ። አሁን በሥርዓቱ ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ዓርብ ስለ ድስቱ ያወራሁትን ሰምተሽ ነበር ወይ አሉኝ። አዎ ጋሼ አልሁ። መነጽራቸውን ጠረጉት፤ ንጹሕ ነበር። እሺ፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ አሉኝ። ከዚያ እትዬ መሠረትን አስጠርተው በሩን ዘጉ። ያወሩትን አልሰማሁም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ከረቡዕ ወዲህ እንደዛሬ ቀና ብላ ስትሄድ አላየኋትም።

ጎደለ ተብሎ የሚጻፍ ነገር የለም እንግዲህ። ይህ አንድ ነገር ነው።

ምሳ ላይ አልራበኝም ብዬ እወንፊቱ ክፍል ቀረሁ። ውሸት ቁጥር ስንት እንደሆነ አልቆጥርም። ማንም መጥቶ አልጠራኝም።

አሥር ሰዓት ላይ እትዬ መሠረት ከበር ሆና፣ እናትሽ ስለ ጭቃው ምን አለች አለችኝ። ሰክሯል አለች፣ አልቆም አላት አልሁ። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። መድኃኒቱ ነው አለች፣ ጭቃውን የሚፈታው እሱ ነው። ደግሞ ምን አለች አለችኝ። ስለ ማሽኑ ምንም አላለች፣ ሁልጊዜ ግን ዋልካ ውኃ ጠጥቶ ሳያድር አይታሽም ትላለች አልሁ። አቶ ይርጋ ከውስጥ ሰምተው፣ እሱማ መጽሐፉም ይላል፣ ማሽኑ ሊሄድብን ነው ብለን ቸኩለን ነው እንጂ አሉ። በእናቴ ቃል እንዳልተደነቁ ገባኝ። ቢሆንም ዋልካውን በሦስት ቢከር ለነገ ነክረሽ ሂጂ ተባልሁ። ነከርሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ማሽኑ የሚሄድበት ቀን። ሙከራው ጠዋት ተደረገ።

መጀመሪያ ቀጭኑ፣ ከሐሙሲት አካባቢ የመጣው አሸዋማ አፈር። ትልቋ እንደ እንዝርት ዞረች፣ መሐሉ ጎድጉዶ እስከ ታች ታየ። አቶ ይርጋ ደስ አላቸው። ቀጥሎ ያደረው ዋልካ። ጀመረች። ዞረች። ለጥቂት ጊዜ እትዬ መሠረት የተሸነፈች መሰለኝ። አቶ ይርጋ ፍጥነቱን ጨመሩ። ያን ጊዜ ማግኔቷ ቦታዋን ለቀቀች፣ ጥግ ይዛ ጢቅ ጢቅ አለች። ቀንሰው እንደገና ጀመሩ። እንደገና። በሦስተኛው ቢከር ጭቃው ላዩ ብቻ ሲንቀሳቀስ ታቹ እንደተኛ ነው። እኔው በዘንግ ስነካው እንደ ሊጥ ያዘኝ።

አቶ ይርጋ ማሽኑን ራሳቸው አጠፉት። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ለኛ ጭቃ ግን አልተፈጠረም አሉ። ከሚመጣልን አፈር አብዛኛው ዋልካ ነው፤ ቀጭኑን በእጅም እናማስለዋለን፣ ባለ ዘንጉ ይጻፍ አሉ። ከዚያ እትዬ መሠረትን በስሟ ጠርተው፣ «የረቡዑን ነገር ይቅር በይኝ» አሏት። እኔ ባለሁበት። ምናልባት ሆን ብለው።

ትልቋን እኔ አጠብኋት። መጀመሪያ አወጣኋት፣ ከዚያ ጭቃውን ደፋሁ። ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጬ እትዬ መሠረትን ጠርቼ አሳየኋት። ሦስቱንም በጣቷ ነክታ ቆጠረች፣ ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ለኔ ነው። ይገባኛል።

ክዳኑን ስትዘጋ፣ እናትሽ መርፌዎቿን አሁን በምን ትይዛቸዋለች አለችኝ። ግድግዳ ላይ ትሰካለች አልኋት። እህ አለች።

ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ትናንቱ ወንፊቱ ክፍል ልገባ ስል ጠራችኝ። ነይ እንጂ፣ ምስሩ ቀዘቀዘ አለች፤ ቁጣ ቢጤ አለበት። ሄድሁ። ሳህኑ ያው አንዱ ሳህን ነው። ከኔ በኩል ያለውን ጥግ ብቻ በላሁ። አንድ ጊዜ የሷ ጣትና የኔ ጣት አንድ እንጀራ ላይ ተገናኙ፤ አልሸሸችም።

የአቶ ይርጋ ወንበር ባዶ ነበር። እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ ብለዋል። ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀን ነው፣ ብዙ ሰው እስከ ዘጠኝ ይጾማል። እሳቸው አምናም እስከ ዘጠኝ ይጾሙ ነበር ወይስ ዘንድሮ ከሳህናችን ለመራቅ ነው ብዬ እትዬ መሠረትን ልጠይቃት ፈለግሁ። አልጠየቅኋትም። እኔ አምና በጾሙ ጊዜ እዚህ አልነበርሁም።

ማሽኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተጭኖ ሄደ። ዘጠኝ ሲሆን ወለሉን እያጠብሁ ነበር። አቶ ይርጋ ከቢሯቸው፣ ትርንጎ ውኃ አምጪልኝ አሉ። ጋሽ ደሴ በሩ ላይ ነበሩ፤ እሳቸውን ማዘዝ ይችሉ ነበር። ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አጥቤ ሞላሁት። ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጥላቸው ስል እጃቸውን ዘርግተው ከእጄ ተቀበሉኝ።

አማተቡ። ከዚያ ጠጡ፣ እስከ ታች።

ሰው ጾሙን ሲፈታ ያማትባል። እሳቸውም ሁልጊዜ ሲያማትቡ አይቻለሁ መሰለኝ። ወይስ የዛሬው ብቻ ነው ልብ ያልሁት? ብርጭቆውን መልሰው ሲሰጡኝ፣ እናትሽ ቅዳሜ የት ጋ ነው የምትቀመጠው አሉኝ።

ከሽንኩርት ተራው ፊት ለፊት ነው አልኋቸው። ጮክ ብዬ ነው የተናገርሁት። ጋሽ ደሴም ሰምተዋል።